«የተጻፈ» እና የተጠቀለለ፦ የሲድሃርታ ሙከርጂ ምሳሌ ሲመረመር

ለእናቴ ያልኳትን ነገር ልንገራችሁና ልጀምር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና እየጠጣን፣ ስልኬ ላይ ካነበብኩት ድርሰት ተነሥቼ «እማ፣ በ77 የተራብሽው ረሃብ እኮ እኛም ውስጥ ተጽፎ ሊሆን ይችላል» አልኳት። ያኔ ወሎ ውስጥ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ስለዚያ ዓመት ብዙ አታወራም። ያልኩት ለክፋት አይደለም፤ እንዲያውም ያከበርኳት መስሎኝ ነበር። ያየሽውን መከራ ሳይንስም ያውቀዋል ለማለት ነው። እሷ ግን ስኒውን አስቀመጠችና «እና እኔ ነኝ ያስተላለፍኩባችሁ?» አለችኝ። ታናሽ እህቴ አስም አለባት። እናቴ ይህን ብላ ወዲያው ወደ እሷ አየች። እኔ መልስ አልነበረኝም።

ያነበብኩት የሲድሃርታ ሙከርጂን ድርሰት ነበር። ሙከርጂ የካንሰር ሐኪም ነው፤ የካንሰርን ታሪክ በተረከበት መጽሐፉ በ2011 ፑሊትዘር ተሸልሟል። (ከ77ቱ ረሃብ በቀር ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በሜይ 2016 «ዘ ኒውዮርከር» መጽሔት ላይ «ተመሳሳይ ግን የተለያዩ» የሚል ረጅም ድርሰት አወጣ፤ በዚያው ወር ድርሰቱ የተቀነጨበበት «ዘ ጂን» የተባለው ትልቅ መጽሐፉ ታተመ። ሁለቱንም አንብቤአለሁ። ድርሰቱን ደግሞ ከእናቴ ጋር ከዚያ ንግግር በኋላ ሦስት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ፤ የት ላይ እንደተሳሳትኩ ለማወቅ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ፍለጋ ውጤት ነው። ወቀሳው በከፊል ለሙከርጂ ነው፣ በከፊል ለራሴ።

ድርሰቱ የሚያደርገው

ሙከርጂ ጥሩ ጸሐፊ ነው፤ ይህን ሳልናገር ወደ ወቀሳ ብገባ ግፍ ይሆናል። ድርሰቱ የሚነሣው ከእናቱና ከመንትያ እህቷ ነው። ሁለቱ ከአንድ እንቁላል የወጡ፣ ዲኤንኤያቸው አንድ የሆነ ሴቶች ናቸው፤ ሆኖም ኑሯቸውም ጠባያቸውም ተለያይቷል። አንድ ዓይነት ጂን ይዘው እንዴት ሁለት ሰው ሆኑ? በዚህ ቀላል ጥያቄ እጃችንን ይዞ ኒውዮርክ ወደሚገኘው የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ወደ ዴቪድ አሊስ ይወስደናል፤ ጉንዳን የሚያረቡ ሳይንቲስቶችንም ያሳየናል። ጂናቸው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ አንዷ ጉንዳን ንግሥት፣ ሌላዋ ሠራተኛ የምትሆንበትን ምክንያት የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። መልሱን የሚያገኘው ዲኤንኤ በተጠቀለለባቸው ፕሮቲኖች ማለትም በሂስቶኖች ላይ ነው። በእነሱ ላይ የሚለጠፉ ጥቃቅን ኬሚካላዊ ምልክቶች ጂኖችን ያበራሉ፣ ያጠፋሉ፤ ኑሮ ምልክቶቹን ይለውጣል፤ ምልክቶቹም እንደ ትዝታ ይቆያሉ። መጽሐፉ ደግሞ «የረሃቡ ክረምት» የሚል ምዕራፍ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ የተራቡትን ሆላንዳውያን ይዞ ነገሩን እስከ ልጅ ልጆች ድረስ ይወስደዋል።

እኔ ኮድ ጽፌ የምኖር ሰው ነኝ። የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው፤ ባዮሎጂ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ አልነካሁም። ስለዚህ ድርሰቱን ሳነብ ወዲያው ወደ ራሴ ቋንቋ ተረጎምኩት። ዲኤንኤ ኮዱ ነው፤ ሂስቶኑ ላይ ያለው ምልክት ደግሞ ኮንፊግ ፋይል። ኮዱን ሳትነካ ኮንፊጉን ትለውጣለህ፣ ፕሮግራሙ ሌላ ጠባይ ያመጣል። ፎልደሩ ኮፒ ሲደረግ ኮንፊጉም አብሮ ይሄዳል፤ እናት ያስተካከለችው ቅንብር ልጅ ጋ ይደርሳል። ጥርት ያለ ነገር! ያሳሳተኝም ይኸው ጥርት ማለቱ ነው።

ሁለት ዓይነት ቀለም

«ክሮማቲን» የሚለው ቃል የሚጠራው ዲኤንኤንና የተጠቀለለባቸውን ፕሮቲኖች አንድ ላይ ነው። ቃሉን የሰጠን ዋልተር ፍሌሚንግ የተባለ ጀርመናዊ ነው። በ1880ዎቹ መባቻ ህዋሳትን በማቅለሚያ ነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲያይ፣ ኒውክለሱ ውስጥ ቀለሙን አጥብቆ የሚይዝ ነገር አገኘ። ክሮማ በግሪክ ቀለም ማለት ስለሆነ ክሮማቲን አለው። ምን እንደሚሠራ አላወቀም። ያየው ቀለም መያዙን ብቻ ነው።

በእኛ ቋንቋ ቀለም ሁለት ነገር ነው። ሸማ የሚነከርበትም ቀለም ነው፣ ደብተራው ብዕሩን የሚያጠቅስበትም ቀለም ነው። ከዚያም አልፎ ትምህርት ራሱ ቀለም ይባላል። እና የክሮማቲን ታሪክ፣ ቢያንስ መጻሕፍት ሲተርኩት፣ ከመጀመሪያው ቀለም ወደ ሁለተኛው የመሻገር ታሪክ ነው። ፊዚሲስቱ ኧርዊን ሽሮዲንገር በ1943 ደብሊን ላይ በሰጠውና በ1944 በመጽሐፍ ባሳተመው ንግግሩ ክሮሞዞም የሕይወትን ኮድ የያዘ ጽሑፍ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ፊደሉ፣ ማንበቡ፣ መገልበጡ፣ መጽሐፉ ሁሉ ተከታትሎ መጣ። ለዲኤንኤ ይህ ቃል አይበዛበትም። ሦስት ሦስት ፊደል እየሆነ የትኛው አሚኖ አሲድ እንደሚከተል ይወስናል፤ ሰንጠረዡም በማንኛውም የባዮሎጂ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ኮድ ማለት ይኼ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ቃሉ ፊደሉ ወደተጠቀለለበት ዕቃ ሲሻገር ነው። በ2000 ብራያን ስትራልና ዴቪድ አሊስ «ኔቸር» ላይ ባወጡት ታዋቂ ጽሑፍ በሂስቶን ላይ ያሉት ምልክቶች ራሳቸው ቋንቋ ሊሆኑ ይችላሉ የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ «የሂስቶን ኮድ» ተባለ። ዛሬ በዘርፉ ምልክቱን የሚለጥፈው ኢንዛይም «ጸሐፊ»፣ የሚያነሣው «ፋቂ»፣ ምልክቱን አይቶ የሚጠጋው ፕሮቲን «አንባቢ» ይባላል። ሳይንቲስቶቹ ለሥራ እንዲመቻቸው ያወጡት ስም ነው፤ ክፋት የለውም። ሙከርጂ ግን ስሙን ተቀብሎ ትዝታ፣ ታሪክና ዕጣ ጨመረበት። ለአጠቃላይ አንባቢ በተጻፈ ድርሰት ውስጥ ስሙ ነገሩን ተካው።

ዕቃው ራሱ

እስቲ ስሙን ትተን ዕቃውን እንየው። በአንድ የሰው ህዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ተዘርግቶ ቢቀጣጠል 2 ሜትር ገደማ ይሆናል። የሚገባበት ኒውክለስ ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሚሊሜትር መቶኛ እንኳ አይሞላም። በ1974 ሮጀር ኮርንበርግ ዲኤንኤ የሚታጠፈው በዘፈቀደ እንዳልሆነ ጻፈ፤ በየ200 ፊደሉ ገደማ ስምንት ሂስቶኖች የተሰባሰቡበት አንድ አሃድ አለ አለ። በዚያው ዓመት አዳ እና ዶናልድ ኦሊንስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያነሡት ፎቶ ታተመ፤ ክር ላይ የተሰካ ዶቃ ይመስላል። «ዶቃ በክር» የሚለው ምሳሌ እስከ ዛሬ በየመማሪያው አለ። ግን እሱም ቢሆን ያሳስታል። በዶቃ ውስጥ ክሩ በመሐል ያልፋል፤ እዚህ ግን በውጭ በኩል ይዞራል። ከዶቃ ይልቅ እንዝርት ላይ የተጠነጠነ ፈትል ይቀርበዋል።

ትክክለኛው መልክ የታየው በ1997 ነው። ካሮሊን ሉገር፣ ቲሞቲ ሪችመንድና ባልደረቦቻቸው ዙሪክ ላይ ኒውክሊዮሶምን ክሪስታል አድርገው በኤክስሬይ አቶሞቹ የት የት እንዳሉ አወጡ። ኤች2ኤ፣ ኤች2ቢ፣ ኤች3፣ ኤች4 የሚባሉት ሂስቶኖች ሁለት ሁለት ሆነው ስምንት፤ በዙሪያቸው ወደ 147 የፊደል ጥንድ የሚሆን ዲኤንኤ፣ ወደ ግራ እየዞረ፣ አንድ ዙር ከ65 በመቶ። የጠቅላላው ስፋት 11 ናኖሜትር ገደማ። አሁን አንድ ቁጥር ልጨምር፤ እኔን ያነቃኝ ይኼ ቁጥር ነው። ዲኤንኤ ግትር ነገር ነው። ብቻውን ሲተው እስከ 50 ናኖሜትር፣ ማለትም እስከ 150 ጥንድ ፊደል ድረስ፣ ቀጥ ብሎ መቆየት ይፈልጋል። ኒውክሊዮሶም የሚጠመጥመው ልክ ይህንን ያህል ርዝመት ነው። በራሱ ሊጎብጥ የማይፈልግን ዘንግ ሁለት ዙር ሊሞላ ምንም እስኪቀረው ድረስ አጉብጦ ይይዘዋል። የሚይዘው በኤሌክትሪክ ነው፦ ዲኤንኤ ኔጌቲቭ፣ ሂስቶን ፖዚቲቭ፤ በዙሩ ላይ ዐሥራ አራት ቦታ ይገናኛሉ። በአንድ የሰው ህዋስ ውስጥ እንደዚህ ያለ ነገር ወደ 30 ሚሊዮን አለ።

ይህን ሳነብ ኮንፊግ ፋይል የሚለው ሐሳቤ ፈረሰ። ለምን መሰላችሁ? የሶፍትዌር ትልቁ ጸጋ የተጻፈበት ዕቃ ግድ የማይሰጠው መሆኑ ነው። ፋይሉን ፍላሽ ላይ አድርገው፣ ሰርቨር ላይ አድርገው፣ ያው ፋይል ነው። እዚህ ግን ዕቃውና ጽሑፉ አይለያዩም። አንዳንድ የፊደል ቅደም ተከተሎች በቀላሉ ይጎብጣሉ፣ ሌሎች እምቢ ይላሉ፤ ስለዚህ ፊደሉ ራሱ ኒውክሊዮሶሙ የት ቢቀመጥ እንደሚቀለው በከፊል ይወስናል። ፋይሉ ውስጥ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ሃርድ ዲስኩን ያጎብጠዋል እንደማለት ነው። እንደዚህ ያለ ኮምፒውተር አላውቅም።

ኒውክሊዮሶም ከሁሉ በፊት መዝጊያ ነው። በ1987 የኮርንበርግ ቤተ ሙከራ፣ ጂኑ የሚጀምርበት ቦታ ኒውክሊዮሶም ላይ ከተጠመጠመ የመገልበጡ ሥራ መጀመር እንደሚያቅተው በፈተና ቱቦ ውስጥ አሳየ። በ1988 ደግሞ የማይክል ግሩንስታይን ቤተ ሙከራ እርሾን ኤች4 ሲያሳጣው፣ ጠፍተው የነበሩ አንዳንድ ጂኖች ያለ ጠሪ ተነሡ። ማንም «አንብቡ» አላላቸውም። መዝጊያው ሲነሣ በሩ ተከፈተ፣ አለቀ።

የሚያንቀሳቅሱት

መዝጊያ ከሆነ ማን ይከፍተዋል? ለእኔ የዚህ ሳይንስ ውበት ያለው እዚህ ጋ ነው። ሙከርጂ ግን ምልክቶቹን የመድረኩ ዋና ተዋናይ ስላደረጋቸው ይህ ወገን ከመጋረጃ ጀርባ ይቀራል።

በ1984 ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ስለ ክሮማቲን ሳያስቡ እርሾ ላይ ይሠሩ ነበር። አንደኛው እርሾ ጾታውን እንዲቀያይር የሚያስፈልጉ ጂኖችን ይፈልጋል፤ ሌላው የስኳር ዓይነት የሆነውን ሱክሮስ ለመጠቀም የሚያስፈልጉትን። በኋላ ሲታይ የሁለቱም ጂኖች አንድ ማሽን የሚሠሩ ሆነው ተገኙ። ስሙ የሁለቱ ፍለጋዎች ቅጥል ነው፤ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ስዊች-ስኒፍ ይሉታል። በ1994 ማሽኑ ተጣርቶ ወጥቶ፣ ኤቲፒ የተባለውን የህዋስ ነዳጅ እያቃጠለ ኒውክሊዮሶምን እንደሚያናጋ ታየ።

አሠራሩ ዛሬ በደንብ ይታወቃል። ሞተሩ ሂስቶኑን ይቆነጥጥና በኒውክሊዮሶሙ ውስጥ፣ ከመሐሉ 20 ፊደል ያህል ርቆ፣ ዲኤንኤውን ይይዛል። ከዚያ ኤቲፒ እያቃጠለ በፊደል በፊደል ይስባል። የተሳበው ዲኤንኤ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ኒውክሊዮሶሙ ይንሸራተታል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይነቀላል። የዚህ ማሽን ዘመዶች በአራት ቤተሰብ ይከፈላሉ። አንዱ የሚያንሸራትትና የሚነቅል ነው። ሌላው ኒውክሊዮሶሞችን በእኩል ርቀት የሚደረድር። ከሌላኛው ቤተሰብ ደግሞ አንዱን ሂስቶን አውጥቶ በሌላ ዓይነት የሚተካ አለ። ይህ ሁሉ ጉልበት ነው። ክሮማቲን ተጽፎ የተቀመጠ ሰነድ ሳይሆን ቀን ከሌት የሚሠራበት መጋዘን ነው፤ ዕቃ የሚገፋበት፣ መተላለፊያ የሚጠረግበት፣ መልሶ የሚዘጋበት።

ሞተሮቹ የት መሄድ እንዳለባቸው ማን ይነግራቸዋል? ዋናው መልስ ዲኤንኤ ላይ የተወሰነ ቅደም ተከተል ፈልገው የሚይዙ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ይባላሉ። አንዳንዶቹ ኒውክሊዮሶም ላይ የተጠመጠመውን እንኳ ጎኑን አግኝተው ይይዙና ሌላውን ይጠራሉ። ጉልበታቸውን ለማወቅ የሺንያ ያማናካን የ2006 ሥራ ማየት ይበቃል። በአይጥ የቆዳ ህዋስ ውስጥ አራት ጂኖች ጨምሮ ህዋሱን ወደ ግንደ ህዋስ መለሰው። አራቱም የትራንስክሪፕሽን ፋክተር ጂኖች ናቸው። አንዱም የሂስቶን «ጸሐፊ» አይደለም።

እንግዲህ ድርሰቱ በ2016 ሲወጣ የተነሣው ቁጣ በዚህ ላይ ነበር። ማርክ ፕታሽኔን፣ ጆን ግሪሊን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች፣ ጂን እንዴት እንደሚበራ እየተረክህ ትራንስክሪፕሽን ፋክተርን መዝለል ታሪኩን ያለ ባለታሪኩ መናገር ነው አሉ፤ ምልክቶቹ የሚያዝዙ እንጂ የሚታዘዙ አለመሆናቸው አልተረጋገጠም አሉ። ሙከርጂም መጉደሉን በኋላ አምኗል። ክርክሩን ብዙ ሰው የባለሙያዎች ንትርክ አድርጎ አልፎታል። እኔም ያኔ ብሰማው አልፈው ነበር።

ለሙከርጂ የሚቆም ማስረጃም አለ፣ መናገር አለብኝ። ምልክቶቹ ጌጥ ብቻ አይደሉም። በ2013 የታተመ አንድ ሥራ በዝንብ ኤች3 ላይ ምልክት የሚለጠፍበትን አንዱን ቦታ ብቻ ለወጠ፤ ተዘግተው መቆየት የነበረባቸው የአካል ቅርጽ ጂኖች ተከፈቱ። ስዊች-ስኒፍ ራሱ አሴታይል የተባለውን ምልክት ሲያገኝ ጠበቅ አድርጎ የሚይዝበት ክፍል አለው። አሴታይል ደግሞ የሂስቶኑን ፖዚቲቭ ቻርጅ ስለሚያጠፋ መያዣውን ያላላል። ስለዚህ ወቀሳዬ ምልክት ከንቱ ነው አይደለም። ምልክቱ የሚሠራው እንደ ጽሑፍ ሳይሆን እንደ ሙጫና እንደ ማንጠልጠያ ነው፤ የሚቆየውም የሚያድሰው እስካለ ድረስ ነው። ይህ ልዩነት ደግሞ የቃል ጨዋታ አይደለም። በየአምስቱ ካንሰር በአንዱ ገደማ ከስዊች-ስኒፍ ክፍሎች አንዱ ተበላሽቶ ይገኛል። ሕጻናትን የሚይዝ ራብዶይድ የሚባል ክፉ እጢ አለ፤ በአብዛኛው የሚነሣው ከእነዚህ ክፍሎች አንዱ ሲጠፋ መሆኑ ከ1998 ጀምሮ ይታወቃል። በሽታው ያለው ማሽኑ ላይ ነው። የካንሰር ሐኪም ይህን ታሪክ ፊት ለፊት ቢያመጣው ምን ያህል ያምርበት ነበር!

ረሃቡ

አሁን ወደ እናቴ ልመለስ። በ1944 እና 45 ክረምት ናዚዎች እህል እንዳይገባ ከልክለው ምዕራብ ሆላንድ ተራበ። በ2008 የታተመ ጥናት በዚያ ረሃብ ወቅት የተጸነሱ ሰዎችን ከስድሳ ዓመት በኋላ ካልተራቡ ወንድም እህቶቻቸው ጋር አነጻጸረ። ለዕድገት የሚያስፈልግ አይጂኤፍ2 የተባለ ጂን ላይ ሜታይል የተባለው ምልክት በትንሹ አንሶ ተገኘ። እውነተኛና ትልቅ ግኝት ነው። ግን ምን እንዳለ ልብ በሉ። ምልክቱ ያለው ዲኤንኤው ላይ እንጂ ሂስቶኑ ላይ አይደለም። የተለኩት ሰዎች ደግሞ ራሳቸው በማኅፀን ሳሉ የተራቡ ናቸው። ረሃቡ የነካው እነሱን ነው፤ ከእናት ማስታወሻ ተገልብጦ የመጣላቸው አይደለም።

እናቴ በ77 ዐሥር ዓመቷ ነበር። እኔ የተገኘሁበት እንቁላል ያኔ በውስጧ ነበረ፤ ሴት ልጅ እንቁላሏን ይዛ ነው የምትወለደው። ስለዚህ «ፈጽሞ ምንም ሊደርስ አይችልም» ብዬ ልምል አልችልም። ግን መንገዱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ እዩት። ህዋስ በተከፈለ ቁጥር ኒውክሊዮሶሞቹ ይፈርሳሉ፤ የቀድሞዎቹ ሂስቶኖች ለሁለቱ ቅጂዎች ይከፋፈሉና ግማሹ ቦታ ምልክት በሌለው አዲስ ሂስቶን ይሞላል። የሚያድሰው ከሌለ ምልክቱ በየክፍፍሉ ይሳሳል። በወንድ በኩል የዘር ህዋስ ሲበስል አብዛኞቹ ሂስቶኖች ወጥተው ፕሮታሚን በተባለ ሌላ ፕሮቲን ይተካሉ። ከፅንስ በኋላ ደግሞ ሜታይሉ በሰፊው ይጠረጋል፣ የቀጣዩ ትውልድ የዘር ህዋስ ሲበጅ እንደገና ይጠረጋል። በ2015 በአንድ የእርሾ ዓይነት ላይ የሠሩ ሁለት ቡድኖች የሂስቶን ምልክት ያለ ምንም ቀስቃሽ ለብዙ ትውልድ ሲተላለፍ አይተዋል። ይህን ያዩት ግን ፋቂውን ኢንዛይም አስቀድመው ካስወገዱ በኋላ ነው። ተፈጥሮ የሂስቶንን ትዝታ ለመጠበቅ ሳይሆን ለማጥፋት የምትደክም ትመስላለች። ለልጁ ንጹሕ ጀማሪ ህዋስ መስጠት ሥራዋ ነው።

ሙከርጂም መጽሐፉ ውስጥ ኤፒጄኔቲክስን ከልክ በላይ ማጋነን አደገኛ መሆኑን ያስጠነቅቃል። ጥሩ። ግን አንባቢ የሚይዘው ማስጠንቀቂያውን አይደለም። መንትዮቹንና የተራበችውን እናት ነው የሚይዘው። ምሳሌ አንዴ ከገባ በኋላ የግርጌ ጥንቃቄ አያወጣውም። የድርሰቱ ጉድለት እንግዲህ አንድ ፕሮቲን መርሳቱ ብቻ አይደለም። «ተጻፈ» የሚለው ግስ ያለ ምርመራ እንዲሠራ መፍቀዱ ነው።

በአማርኛ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በእንግሊዝኛ «የተጻፈ» ማለት የተመዘገበ ማለት ሊሆን ይችላል። ለእናቴ ግን የተጻፈ ማለት ግንባር ላይ የተጻፈ ነው፤ ዕጣ ነው፤ የማይሻር ነው። እኔ ስለ ኬሚካል ያወራሁ መስሎኝ ስለ ዕጣ ነበር የነገርኳት። ይህን ሳይንስ ወደ አማርኛ የምናመጣ ሰዎች፣ በዩቲዩብም ሆነ በመጽሐፍ፣ ቃሉን ገና እየመረጥን ነው። መምረጥ እስከቻልን ድረስ «ተጻፈ»ን ለዲኤንኤ ፊደል ብቻ እንተወው። ለክሮማቲን መጠቅለል፣ መላላት፣ መዝጋት፣ መክፈት፣ መግፋት አሉን፤ ሁሉም የእጅ ሥራ ቃላት ናቸው፣ ሁሉም ተመላሽ ናቸው። የተጠቀለለ ይፈታል።

«ዘ ጂን»ን አታንብቡ እያልኩ አይደለም። የሜንዴልን አተር፣ የዘር ማጥራት ፖለቲካን፣ የራሱን ቤተሰብ የአእምሮ ሕመም የተረከበት መንገድ ድንቅ ነው። ስለ ኤፒጄኔቲክስ የሚናገረውን ክፍል ግን የ1997ቱን የኒውክሊዮሶም ምስል አጠገባችሁ አድርጋችሁ አንብቡት። ዓረፍተ ነገሩ «ያስታውሳል» ባለ ቁጥር ምስሉን እዩና «ማን፣ በምን ጉልበት፣ እስከ መቼ?» በሉ።

ባለፈው ፋሲካ ለእናቴ ነገሩን እንደገና አነሣሁባት። ፈትል ታውቃለች፣ አያቴ ትፈትል ነበር። እንዝርቱን፣ ክሩን፣ ክሩን የሚስቡትን ትንንሽ ሞተሮች ነገርኳት። ልጅ ሲጸነስ ብዙው እንደሚጠረግ ነገርኳት። የእህቴ አስም በ77 ምክንያት ነው የሚል ማስረጃ እንደሌለኝ፣ ያኔም እንዳልነበረኝ ነገርኳት። ከእሷ ወደ እኛ የመጣ ነገር የለም አላልኳትም፤ ዱቄቱ ከግማሽ ሲወርድ እንቅልፍ እንደማይወስዳት እናውቃለን፣ እኔም ዛሬ ለብቻዬ ስኖር ከፍሪጅ ምግብ መጣል አልችልም። ይኼ ግን ከሂስቶን አልመጣም። እሷን እያየን ነው ያደግነው።

ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ታዲያ ያን ጊዜ ለምን እንደዚያ አልከኝ?» አለች።

«ያነበብኩት አጻጻፉ ያምር ነበር፣ እማ» አልኳት።